የኢቭሬያዋ ሰማያዊ ቦርድ

ነገሩ የሚጀምረው በንጉሥ ነው።

ከሺህ ዓመት በፊት በሰሜን ጣሊያን፣ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ፣ አርዱይን የሚባል መስፍን ነበር። በ1002 የጣሊያንን ዘውድ ደፋ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ዘውዱ አልጸናለትም፤ በሁለተኛው ዓመት የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ አልፕስን ተሻግሮ መጣና ነጠቀው። አርዱይን የመጨረሻ ዘመኑን በገዳም ጨረሰ። ሌላው ዓለም ረሳው፤ ኢቭሬያ ግን የራሷን ሰው አልረሳችም። ጎዳና በስሙ ሰየመችለት። ዘመናት ካለፉ በኋላም አንድ መጠጥ ቤት በራፉ ላይ «የንጉሥ አርዱይን ባር» ብሎ ጻፈ።

ይህን ስም ያዙልኝ። ዛሬ ከቦጎታ እስከ ቶኪዮ፣ ከኒውዮርክ እስከ አዲስ አበባ፣ ኤሌክትሮኒክስ መነካካት የጀመረ ወጣት ሁሉ ይህን ስም ይጠራዋል። ሲጠራው ንጉሡን ማለቱ አይደለም፤ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ቦርድ ማለቱ ነው። ቦርዷንና መጠጥ ቤቱን ምን አገናኛቸው? ደግሞስ በዚህ ታሪክ ውስጥ መጠራት ሲገባው ለብዙ ዓመታት ስሙ ሳይነሳ የቀረው ሰው ማነው? የዛሬው ትረካዬ የእሱ ነው።

ኢቭሬያ ከቶሪኖ በስተ ሰሜን፣ ከተራሮቹ ግርጌ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ትንሽ ትሁን እንጂ ካሚሎ ኦሊቬቲ በ1908 የጽሕፈት መኪና ፋብሪካውን የተከለው እዚያ ነው። በመሥሪያ ቤት ያገለገላችሁ ታላላቆቼ ኦሊቬቲ የሚለውን ስም እንደማትረሱት አውቃለሁ። ልጁ አድሪያኖ ፋብሪካውን ሲረከብ ለሠራተኞቹ ቤተ መጻሕፍት፣ መዋያ፣ መኖሪያ ቤት እየሠራ ከተማዋን በሙሉ ለወጣት። ዩኔስኮም በ2018 ኢቭሬያን በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። በ1965 ደግሞ ኦሊቬቲ ፕሮግራማ 101 የሚባል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥና ፕሮግራም የሚጻፍለት የሒሳብ ማሽን ለኒውዮርክ ሕዝብ አሳየ። ያ ዘመን በብዙ አገር ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ ቁም ሣጥን የነበረበት ዘመን ነው።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። የጽሕፈት መኪናው ገበያ ሞተ፤ ፋብሪካው ተዳከመ፤ ሕንፃዎቹ ባዶ ቀሩ። እና ከእነዚያ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሰማያዊ ቤት በሚሉት፣ በ2001 አንድ ያልተለመደ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ገንዘቡን የሰጡት የጣሊያን ቴሌኮምና ኦሊቬቲ ናቸው። ትምህርቱ ሰውና ዕቃ እንዴት እንደሚግባቡ ማጥናት ነበር፦ ሲነኩት የሚመልስ መብራት፣ ሰው ሲገባ የሚያውቅ ክፍል፣ ሲጨፍሩ የሚዘምር ልብስ።

ተማሪዎቹ ከየአገሩ የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ግን መሐንዲሶች አልነበሩም። ሠዓሊ፣ የግራፊክስ ባለሙያ፣ አርክቴክት፣ ሙዚቀኛ ነበሩ። ያሰቡትን ለመሥራት ደግሞ ማይክሮኮንትሮለር ያስፈልጋቸዋል። ማይክሮኮንትሮለር ምንድነው? በአንዲት ቺፕ ውስጥ ታጥፎ የገባ ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ልብስ ማጠቢያው ውሃ መቼ እንደሚያስገባ፣ ሊፍቱ የትኛው ፎቅ ላይ እንደሚቆም የሚወስነው እሱ ነው። በየቤታችን አለ፤ አይታይም። ከውጭ ሆኖ ሊያዘው የሚችል ሰው ግን በዚያን ጊዜ ጥቂት ነበር።

ለጀማሪ የተሠራ ነገር ጨርሶ አልነበረም አልልም። ቤዚክ ስታምፕ የሚባል የአሜሪካ ሥራ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም በእሱ ያስተምር ነበር። ዋጋው ግን 100 ዶላር ገደማ ነው፤ አቅሙም ተማሪዎቹ ለሚያልሙት ነገር ደካማ ነበር። አንዱን ቦርድ አንድ ጊዜ ያቃጠለ ተማሪ ሁለተኛ ለመሞከር እጁ ይንቀጠቀጣል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ ደግሞ አይማርም። ይህ ነገር በጣም ካስጨነቃቸው መምህራን አንዱ ማሲሞ ባንዚ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር።

አሁን ዋናውን ሰው ላምጣው።

በ2002 ከኮሎምቢያ አንድ ተማሪ ወደ ኢቭሬያ መጣ። ስሙ ሄርናንዶ ባራጋን ነው። በዓመቱ፣ በ2003፣ የማስተርስ መመረቂያ ሥራውን ሲመርጥ ያንኑ የመምህራኑን ጭንቀት መረጠ፦ መሐንዲስ ያልሆነ ሰው በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራበትን መንገድ ማቅለል። አማካሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ማሲሞ ባንዚ፣ ሌላው ኬሲ ሪስ። ኬሲ ሪስ ከጓደኛው ከቤን ፍራይ ጋር ፕሮሰሲንግ የሚባል ሶፍትዌር የጀመረ ሰው ነው። ፕሮሰሲንግ ሠዓሊዎች ጥቂት መስመር ኮድ ጽፈው ወዲያው በስክሪን ላይ ሥዕል እንዲያዩ ያደርጋል። ባራጋን ራሱን እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ በስክሪን ላይ ለሥዕል የተደረገው ነገር ለሽቦና ለሞተር ለምን አይደረግም?

ሥራው ቀላል አልነበረም። አንዱን ቺፕ ሞከረ፤ ተወው። ሌላውን ሞከረ፤ ያም አላረካውም። መጨረሻ ላይ ኤቲሜጋ128 የምትባል ቺፕ ላይ ረጋ። ቦርዱን ሠራ፤ የመጻፊያውን ሶፍትዌር ሠራ፤ ከሁሉም በላይ ትእዛዞቹን ቀረጸ። ሥራውን ዋይሪንግ አለው። በ2004 መመረቂያ ጽሑፉን አስገባ፤ በማዕረግም ተመረቀ።

የባራጋን ሥራ ትልቅነት የሚታየው ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ፣ እስቲ ቀረብ ብለን እንየው።

የዛሬዋን የተለመደች ቦርድ፣ ኡኖ የምትባለውን ውሰዱ። ርዝመቷ 7 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ወርዷ ከ5 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በአንዱ ጎኗ የዩኤስቢ መሰኪያ አለ። በግራና በቀኝ ጠርዟ ላይ ጥቁር ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ በየቀዳዳው ሥር ቁጥር ተጽፏል። አንዲት ትንሽ ቀይ ኤልኢዲ አምፖል አንሡ። ሁለት እግር አላት፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ረጅሙን በሬዚስተር በኩል ቁጥር 13 ቀዳዳ ላይ ትሰካላችሁ፤ አጭሩን «ግራውንድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ላይ። ሬዚስተሩ ጅረቱን ይገድበዋል፤ እሱ ከሌለ አምፖሏ ልትቃጠል ትችላለች። ከዚያ ቦርዷን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ታገናኛላችሁ።

አሁን ኮዱ። በፊት ቢሆን የቺፑን አምራች መመሪያ መክፈት ነበረባችሁ። በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ያለው መመሪያ ነው። እዚያ ውስጥ የቺፑን እግሮች የሚቆጣጠሩትን መዝገቦች ትፈልጋላችሁ፤ የትኛው መዝገብ፣ ስንተኛው ቢት፣ ዜሮ ይሁን አንድ ይሁን ትወስናላችሁ። አንዲት ቢት ከተሳሳተች ምንም አይበራም፤ ለምን እንዳልበራም የሚነግራችሁ የለም። የባራጋን መንገድ ግን ይህ ነው፦ «ፒንሞድ» ብላችሁ 13 ቁጥርን መውጫ ታደርጋላችሁ። «ዲጂታልራይት» ብላችሁ ታበሩታላችሁ። «ዲሌይ» ብላችሁ 1000 ትጽፋላችሁ፤ ሺህ ሚሊሰከንድ፣ አንድ ሰከንድ ማለት ነው። ታጠፉታላችሁ። ደግሞ አንድ ሰከንድ። አለቀ። ኮዱን ወደ ቦርዷ ትልካላችሁ፤ አምፖሏ ትበራለች፣ ትጠፋለች፣ ትበራለች፣ ትጠፋለች።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ፊት ላይ የሚመጣውን ነገር ያላያችሁ ብትኖሩ አንድ ቀን እዩት። እንዴት እንደሠራ ማንም የማይነግራችሁ፣ የታሸገ ነገር የሞላበት ዓለም ውስጥ አንዲት አምፖል ባዘዛችኋት ጊዜ ስትበራ፣ በሌላው ላይ ያለው ሽፋን ሁሉ የሚገለጥ ይመስላል። የሊፍቱ አዝራር፣ የመንገድ ትራፊክ መብራት፣ የልብስ ማጠቢያው፣ የመኪናው ማንቂያ፣ ሁሉም ያው ነው፦ አብራ፣ ጠብቅ፣ አጥፋ፣ ሴንሰሩን ጠይቅ፣ እንደገና ወስን። አምፖሏን ያበራ ልጅ በማግስቱ ሞተር ያሽከረክራል፤ በሳምንቱ የውሃ ጋን ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ ነገር ሠርቶ ቤተሰቡን ያስደንቃል። ባራጋን የሠራው በር ይህ ነው። ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ተዋውቀው በማያውቁ ሰዎች ዘንድ ከእሱ በፊት እንዲህ የተከፈተ በር ነበረ ብዬ አላምንም።

ተመርቆ ወደ አገሩ ተመለሰ። ቦጎታ ገብቶ በሎስ አንዴስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ።

ኢቭሬያ ላይ ግን ነገሩ ቀጠለ። ባንዚ ዋይሪንግን ወደደው፤ አሁንም ግን ዋጋው እንዲወርድ፣ ቦርዱም እንዲቀል ይፈልግ ነበር። ሐሳቡ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ወጥቶ ለአንድ እራት የሚያወጣውን ያህል ብቻ እንዲከፍል ነው፤ 30 ዶላር ገደማ። በ2005 ባንዚ፣ ዴቪድ ሜሊስ የሚባል አሜሪካዊ ተማሪና ዴቪድ ኩዋርቲዬስ የሚባል ከስዊድን ማልሞ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ስፔናዊ ተመራማሪ ሆነው ኤቲሜጋ8 የምትባለውን ርካሽ ቺፕ ከዋይሪንግ ጋር እንድትሠራ አደረጓት። ከዚያ የዋይሪንግን ኮድ ገልብጠው ለብቻው የቆመ ሌላ ሥራ አድርገው ያዙት። ቦርዱን የሚያመርት ጃንሉካ ማርቲኖ የሚባል የአካባቢው ሰው ገባ፤ ኒውዮርክ የሚያስተምረው ቶም አይጎም ተጨመረ። አምስት ሆኑ።

ስም አስፈለጋቸው። ባንዚ ማምሻውን የሚያዘወትረው መጠጥ ቤት የቱ ነበር? የንጉሥ አርዱይን ባር። እንግዲህ አርዱይኖ ተባለ።

መጀመሪያ ያሳተሙት 300 ባዶ ቦርድ ነበር። ባዶ ስል ቺፑም፣ ሬዚስተሩም፣ መሰኪያውም አልተበየደበትም። ለተማሪዎቹ ሰጧቸውና መመሪያውን እያነበቡ ራሳቸው በየዱት። ቀለሙ ሰማያዊ ሆነ፤ ያኔ አብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አረንጓዴ ነበርና ከሩቅ ይለያል። ከጀርባው የጣሊያን ካርታ ታተመበት። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ የእንቅልፍ ማንቂያ ሰዓት ነበር፤ ከኮርኒስ በገመድ ይንጠለጠላል፤ ተኝታችሁ ጥቂት ልተኛ ብላችሁ ስትነኩት ሽቅብ ይወጣል፤ ደግማችሁ ስትነኩት ከዚያም በላይ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ተነስታችሁ ካልቆማችሁ አትደርሱበትም። የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ያልተማረ ሰው ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ዓላማው ይኸው ነበር።

በዚያው ዓመት ግን ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሆነ፤ ሚላን ካለ ሌላ ተቋም ጋር እንዲቀላቀል ተወሰነ። ሰዎቹ ፈሩ። ጠበቆች መጥተው በትምህርት ቤቱ ውስጥ የተሠራውን ሁሉ በሣጥን አሽገው ቢወስዱትስ? ስለዚህ ማንም ሊያሽገው እንዳይችል አድርገው ከፈቱት። የቦርዱን ንድፍ፣ የመስመሮቹን ካርታ፣ ሶፍትዌሩን፣ ሁሉንም ለሕዝብ ለቀቁት። ማንም አውርዶ መሥራት፣ ማሻሻል፣ መሸጥ ይችላል። ግዴታው ሁለት ነው፦ የሠሪውን ስም መጥራት፣ ያሻሻሉትንም በዚያው ደንብ ክፍት ማድረግ። ለራሳቸው ያስቀሩት «አርዱይኖ» የሚለውን ስም ብቻ ነው።

በዘመኑ ሶፍትዌር መክፈት የተለመደ ነበር። ዕቃ መክፈት ግን ብዙ ሰው እንደ እብደት ያየው ነገር ነው። ቻይናዎች ገልብጠው በርካሽ ቢሸጡትስ? ገለበጡት፤ በርካሽም ሸጡት። ያም ሆኖ አርዱይኖ አልሞተም፤ ይልቁንም 30 ዶላር ለሌለው ሰው ሁሉ ደረሰ። ዛሬ እኛ ዘንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የሚሠራበት ቦርድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ቅጂ ነው፤ በደንቡም ሕጋዊ ነው፤ የአርዱይኖን ስም እስካልለጠፉበት ድረስ።

ከዚያ በኋላ ቦርዷ የገባችበትን ቤት ሁሉ ብነግራችሁ አይነጋም አይመሽም። ሦስቱን ብቻ ላንሣ።

ሊያ ቢክሊ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ቦርዷን ክብ አድርጋ፣ ጠርዟን እንደ አበባ ከፋፍላ፣ በጨርቅ ላይ በመርፌ የምትሰፋ አደረገቻት። ሽቦው ክር ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር። በ2007 ሊሊፓድ ተብላ ለገበያ ቀረበች። ከቢክሊ ሥራዎች አንዱ የብስክሌት ጃኬት ነው፤ ጋላቢው ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል ጀርባው ላይ የግራ ቀስት ይበራል። በ2010 ከባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ጥናት በሊሊፓድ ከሚሠሩት መካከል የሴቶች ድርሻ በመደበኛው አርዱይኖ ከሚሠሩት በእጅጉ በልጦ ተገኝቷል። መርፌና ክር መያዝ የለመደ እጅ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ለመግባት ጠፍቶበት የነበረው ችሎታ አልነበረም፤ መግቢያ በር ነበር።

ሁለተኛው ሆርዲ ሙኞዝ ነው። የቲዋና ልጅ ነው፤ ሜክሲኮ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለ ካሊፎርኒያ ገብቶ የመኖሪያ ፈቃዱን እየጠበቀ ነበር። ፈቃዱ እስኪመጣ መሥራት አይችልም፤ መማርም አልቻለም፤ ባለቤቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች። ወረቀት የሚጠብቅ ስደተኛ ቀኑ እንዴት እንደሚረዝም፣ ከእኛ መካከል ዋሽንግተንም ሮምም የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ሙኞዝ ያንን የተንጠለጠለ ጊዜ እንዲህ አዋለው፦ አንድ የአሻንጉሊት ሄሊኮፕተር፣ አንድ አርዱይኖና ከቪዲዮ ጌም መቆጣጠሪያ ውስጥ ፈትቶ ያወጣቸው ሴንሰሮች ይዞ ተቀመጠ። መቆጣጠሪያው የእጅን እንቅስቃሴ ለማወቅ የተሠራ ስለሆነ ማዘንበልንና መዞርን ይለካል። ሄሊኮፕተርም በአየር ላይ ለመርጋት የሚፈልገው ያንኑ ልኬት ነው። ሴንሰሩ አዘነበልኩ ሲል አርዱይኖዋ ሞተሩን ታስተካክላለች። ሄሊኮፕተሩ ረጋ።

ሙኞዝ ሥራውን በቪዲዮ አሳየ። ክሪስ አንደርሰን፣ ያኔ የዋየርድ መጽሔት ዋና አዘጋጅ የነበረው፣ አይቶ ተደነቀና ሥራውን እንዲቀጥል 500 ዶላር ላከለት። በ2009 ሁለቱ ሆነው የድሮን ኩባንያ አቋቋሙ። ከዚያ ጅምር ያደገው አርዱፓይለት የሚባል ሶፍትዌር ዛሬም ክፍት ነው፤ በዓለም ዙሪያ አውሮፕላኖችን፣ ጀልባዎችን፣ የምርምር ድሮኖችን ይመራል። ትንሿ ቦርድ አቅሟ ስላልበቃው ወደ ሌላ ትልቅ ቺፕ ተሻግሯል፤ «አርዱ» የሚለውን ግን ከስሙ ላይ አላነሳም።

ሦስተኛው ጃፓን ነው። መጋቢት 2011 ፉኩሺማ ላይ የኑክሌር ጣቢያው አደጋ ሲደርስ፣ ሰዉ የሚኖርበት መንደር ስንት ጨረር እንዳለበት ማወቅ ፈለገ፤ በየሰፈሩ ዝርዝር ልኬት ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነበር። በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበው ሴፍካስት የሚባል ስብስብ መሠረቱ። ከመኪና መስኮት ውጪ የሚታሰር የጨረር መለኪያ ሠሩ፤ ቦታውን በጂፒኤስ፣ ጨረሩን በመለኪያው እየመዘገበ ይሄዳል። ኋላ የመጣው ትንሹ መሣሪያ ልቡ አርዱይኖ ነው፤ ተበታትኖ በጥቅል ይመጣል፤ ገዢው ተምሮ ራሱ ይበይደዋል። የሰበሰቡትን ልኬት ሁሉ ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቁት። የገዛ ሰፈሩን አየር ለመለካት የማንንም ፈቃድ ያልጠበቀ ሰው ማየት ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኔን በጣም የሚነካኝ ነው።

ወደ ኢቭሬያ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም እዚያ ጸብ ተነስቷል።

የጸቡ ዝርዝር ረጅም ነው፤ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቦርዱን የሚያመርተው የማርቲኖ ድርጅት በጣሊያን የአርዱይኖን ስም በ2008 መጨረሻ በራሱ አስመዝግቦ ነበር። ሌሎቹ አራቱ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ድርጅት ነበራቸው። በ2015 ነገሩ ፈነዳና ሁለት አርዱይኖዎች በፍርድ ቤት ተፋጠጡ። የአራቱ ወገን ከአሜሪካ ውጪ በስሙ መሸጥ ስላልቻለ ቦርዱን ጄኑዪኖ ብሎ ሸጠ። ገዢው ግራ ተጋባ። በጥቅምት 2016 ኒውዮርክ ላይ ታረቁ።

ሁሉንም ክፍት ያደረጉ ሰዎች የተጋጩት ሳይከፍቱ ባስቀሩት አንድ ነገር፣ በስሙ ነው። እውነተኛው የስም ጉዳይ ግን ይህ አልነበረም።

በ2016 መጀመሪያ ላይ ሄርናንዶ ባራጋን ያልተነገረ ያለውን የአርዱይኖን ታሪክ ጽፎ አወጣ። አይሳደብም፤ ሰነድ ይዘረዝራል። የመመረቂያ ሥራው መቼ እንደተጀመረ፣ ቦርዱ በየደረጃው ምን ይመስል እንደነበር፣ ትእዛዞቹ ከየት እንደመጡ፣ አማካሪዎቹ እነማን እንደነበሩ አንድ በአንድ ያስቀምጣል። በ2005 ርካሿን ቺፕ ለመጨመር ሌላ ፕሮጀክት መክፈት አያስፈልግም ነበር፣ እኔው በደስታ እሠራው ነበር፣ አስቀድሞም ዕቅዴ ነበር ይላል።

ኮዱን መገልበጥ ስርቆት አይደለም። ዋይሪንግ ራሱ ክፍት ነበር፤ ደንቡ ይፈቅዳል። የእነ ባንዚ ድካምም የሚናቅ አይደለም፤ ዋጋውን ያወረዱት፣ አገር ለአገር ዞረው ያስተማሩት፣ ሺህ ትምህርት ቤት ያስገቡት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ዋይሪንግ የጥቂት ተማሪዎች መሣሪያ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ነገር ግን አርዱይኖ ሲወደስ ለዓመታት በመጽሔትና በመድረክ የተነገረው ታሪክ ስለ አምስቱ መሥራቾችና ስለ መጠጥ ቤቱ ነበር። ኮሎምቢያዊው ተማሪ ከተነሳም በጎን ይነሳል። ይህ ልክ አልነበረም። ክፍት ሥራ የሚጠይቀው ዋጋ አንድ ብቻ ነው፤ የሠራውን ሰው ስም መጥራት። ገንዘብ አይጠየቅም፤ ፈቃድ አይጠየቅም። ያን አንዱን ዋጋ አለመክፈል ከባድ በደል ነው። በደሉ የደረሰበት ሰው ከሀብታም አገር ያልመጣ ሲሆን ደግሞ ለእኛ በይበልጥ ይሰማናል፤ እኛም ሥራችን በሌላ ስም ሲጠራ አይተናልና።

ዛሬ አርዱይኖ ላይ የሚጻፍ ኮድ አብዛኛው የሚጀምረው ባራጋን በቀረጻቸው ቃላት ነው። «ፒንሞድ»፣ «ዲጂታልራይት»፣ «ዲሌይ»፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸው አንዳቸውም አልተቀየሩም። በየቀኑ ስንት ልጅ እንደሚጽፋቸው እግዚአብሔር ይወቀው።

ስለዚህ እናንተ በየዩኒቨርሲቲው፣ በየቴክኒክ ኮሌጁ፣ በየመኝታ ክፍላችሁ ቦርድ የያዛችሁ ልጆች፦ ሪፖርታችሁን ስትጽፉ ቦርዱ ከዋይሪንግ እንደመጣ፣ ዋይሪንግም የሄርናንዶ ባራጋን መመረቂያ ሥራ እንደሆነ አንድ መስመር ጨምሩ። ከጓደኛችሁ፣ ከታላቅ ተማሪ፣ ከመምህራችሁ የወሰዳችሁት ኮድ ካለ አናቱ ላይ ስሙን ጻፉ። የሠራችሁትን የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ የዶሮ ማስፈልፈያ ሙቀት ጠባቂ፣ የመስኖ ሴንሰር ከምርቃት በኋላ ቁም ሣጥን ውስጥ አትቆልፉበት። ንድፉንና ኮዱን ልቀቁት፤ እንዴት እንደሚሰካ በአማርኛ አብራሩት፤ የእናንተንም ስም ከሥሩ ጻፉበት።